ሠላሳ ስድስት የሚለው ታርጋ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን

ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህን ተሻለህ ወይ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ይህን በስልክ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን የወርክሾፑ ስልክ ያለው አጎቴ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ እሱም ከአጠገቡ አይነሳም። እኔንም ታውቀኛለህ፤ ሰው እየሰማኝ ሳወራ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ወደ ሳይት ከመሄድህ በፊት የጀመርከው የልብስ ስፌት ፋብሪካው የኤሌክትሪክ ፓኔል አልቋል። የገቡበት ብሬከሮች አንተ የመረጥካቸው ናቸው፤ ሽቦ ተነካክቶ ሾርት ቢፈጠር እስከ አሥራ ስድስት ኪሎ አምፒር ድረስ ኃይሉን የሚቆርጡት። ፋብሪካው ግን ማሽን ስለጨመረ ትራንስፎርመሩን ቀይሯል።

የትራንስፎርመሩን ጽሑፍ በዓይንሽ ሳታነቢ የፓኔል ታርጋ አትቅረጪ ብለኸኝ የለ? ቅዳሜ ፋብሪካው ውስጥ ለምትሰፋው እህቴ ምሳ ሳደርስላት በአጥሩ ቀዳዳ አነበብኩት። የድሮው 315 ኪሎ ቮልት አምፒር ነበር፤ የአሁኑ 1000 ይላል። "በርሜሉ ትልቅ ከሆነ ቧንቧው ሲፈነዳ የሚወጣውም ውሃ ብዙ ነው" ትለኝ ነበር። ደብተርህ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ስፈልገው፣ በዚህ ትራንስፎርመር ሾርት ቢፈጠር ወደ ሃያ ዘጠኝ ኪሎ አምፒር ይመጣል። ብሬከሩ ሊያቆመው አይችልም፤ ራሱ ይፈነዳል። ለዚህ ሠላሳ ስድስት የሚቆርጥ ብሬከር ያስፈልጋል፤ እሱ ግን በጣም ውድ ነው።

ትናንት አጎቴ ባዶ ታርጋ ሰጥቶኝ "እስከ ሠላሳ ስድስት ኪሎ አምፒር ይቆርጣል ብለሽ ቅረጪ" አለኝ።

"ብሬከሮቹ ተቀየሩ እንዴ?" አልኩት። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

"ቅረጪ አልንሽ እንጂ አስቢ አልንሽ?"

ብሎን የምንለው ገጣጣሚው ከፓኔሉ ጀርባ ብቅ ብሎ "ተዋት ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ መቼ ታርጋ ያነባል!" አለ። ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በዓይኔ እከታተላቸዋለሁ። አጎቴ የፓኔሉን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል፤ ከዚህ በፊት የትኛውንም ፓኔል ቆልፎ አያውቅም። ስገባ ወሬያቸውን ወደ ኳስ ያዞራሉ። ብሎን ዛሬ ከረሜላ ገዛልኝ። ብሎን! ለራሱ እንኳ ገዝቶ የማያውቅ ሰው።

ፓኔሉ ዓርብ ጠዋት ይበራል። የእህቴ የስፌት ማሽን ፓኔሉ ከሚሰቀልበት ግድግዳ ሁለት እርምጃ ነው፤ የምትቀመጠውም ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ስነግራት "አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" ብላ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል። ምናልባት አዲስ ብሬከር እኔ ሳላይ ገብቶ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ታዲያ ቢገባ በሩን ማን ይቆልፋል?

አባዬ፣ ዋናውን ነገር እስካሁን ሳልጽፈው ቆየሁ። የመቅረጫው መርፌ ተሰበረ ብዬ ስዋሽ አጎቴ "አባትሽን እኮ ጠይቄዋለሁ፣ እሺ ብሏል" አለኝ። እሱ ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ እናውቃለን። ያን ጊዜ ግን አላከከም። ዓይኔን እያየ ነው የነገረኝ።

እሺ ብለሃል? አንተ ሩቅ ስለሆንክ ትራንስፎርመሩ መቀየሩን ሳይነግርህ ጠይቆህ ይሆናል። እንደዚያ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ደጋግሜም ነግሬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ሳይት ሲሚንቶ የሚያመላልሰው ሾፌር ያደርስልሃል፤ ሐሙስ ይመለሳል። መልሱን በእጁ ስጠው፣ በአጎቴ በኩል አትላክ። እሺ ብለህም ከሆነ እሺ ብያለሁ ብለህ ጻፍልኝ፤ አልቀየምህም። ታርጋውን ግን ያኔም አልቀርጸውም። ዓርብ ከእህቴ ጋር ፋብሪካው ድረስ ሄጄ አለቃዋን አነጋግራለሁ። ድምፄ እምቢ ካለኝ ደብተርህን ከፍቼ አሳየዋለሁ። የጻፍከው አንተ መሆንህንም አልደብቅም።

ከአደጋ ሁሉ ይሰውርህ፤ በጤና ያገናኘን።

የምትወድህ ትንሿ ልጅህ