ተጠርቶ ያልተገኘው ቢራራ

ለክቡር አቶ ሕሩይ፣ የባለበቅሎዎች ተራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣ የደባርቅ ውርጭ ሳይደፍርዎ፣ ወንበርዎም ሳይቆረቁርዎ እንደ ሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የጽሕፈት ቤትዎ ፕሮግራመር የትናየት ጤናዬ ደኅና ነው፤ እንቅልፌን ግን አይጠይቁኝ።

አንደኛ፣ ማለዳ የተረኞችን ስም በድምፅ ማጉያ የሚጠራውን ፕሮግራም ፈንክሽናል በሚባለው አዲስ ዘዴ እንድጽፈው ስላዘዙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ኮምፒውተርን በትእዛዝ አንቀጽ ሳናግር ኖሬአለሁ፤ ጫን፣ አራግፍ፣ ሰርዝ። አዲሱ ዘዴ ግን የነበረን ነገር አይነካም። ስም ሰርዝ ቢሉት አሮጌውን ዝርዝር እንደ ነበረ ትቶ፣ ስሙ የሌለበት ሌላ ዝርዝር ሠርቶ ያቀርባል። ይህንን ጎንደር ሥልጠና ላይ ሰምቼ ራሴን ነቅንቄአለሁ፤ የገባኝ ግን ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንድሜ ቢራራ ጭነት ይዞ ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ሰፈር ሲወጣ፣ ይጠገን እያልን ስንለምንዎ በከረምነው የገደል መንገድ ላይ፣ በጉም ውስጥ ወደቀ። ከቀብሩ እንደ ተመለስኩ ስሙን ሰርዝ ብዬ አዘዝኩ፤ እንደ ልማዴም አዝዤ ተነሣሁ። በማግስቱ ድምፅ ማጉያው «ቢራራ፣ ጨነቅ» ብሎ ተጣራ። ተራ አስከባሪው ፋንታዬ አማተበ። የወንድሜ በቅሎ ጆሮዋን አቁማ ከመካከል ወጣችና ፊት ቆመች፤ ባለበቅሎዎቹም መንገድ ለቀቁላት። ደግሜ አዘዝኩ፤ ደግሞ ተጠራ። ድምፁ ቤቷ ድረስ የሚሰማት ሚስቱ ምሥራቅ ማለዳ በሯን ከፍታ መቆም ጀመረች። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። ከፍርሃቱ የባሰው ደግሞ ስሙ ሲጠራ ለመስማት መጓጓቴ ነበር።

ሦስተኛ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ግን አልፈራም። ተጠርቶ ባለመገኘቱ ለሟቹ ማስጠንቀቂያ ጻፈለት፤ ዳግመኛ ቢቀር ከተራ እንደሚሰናበትም ገለጸ። በባለበቅሎ ደንብ የሞተ ሰው ተራ ለቤቱ ይተርፋል፤ የተሰናበተ ሰው ተራ ግን ይጠፋል። እንግዲህ ወንድሜ ከመቃብር ተነሥቶ ሥራ ባለመግባቱ ምሥራቅ እንጀራዋን ልታጣ ነው። ቀብሩ ላይ ቆመው አፈር ሲያለብሱት በዓይኔ ስላየሁ፣ ትጋትዎ እጅግ ይደንቀኛል።

ስሕተቱን አግኝቼዋለሁ። ቢራራ የሌለበት ዝርዝር ባዘዝኩ ቁጥር ተሠርቶ ይቀርብልኝ ነበር። እኔ አዝዤ ስለምሄድ ግን ተቀባይ አጥቶ ይቀራል፤ ድምፅ ማጉያውም አሮጌውን ያነባል። የጎደለው አንድ መስመር ነበር፤ የቀረበልኝን መቀበል። ጣቴ እምቢ ሲለኝ ሰነበተ። ዛሬ ጻፍኩት። ተቀበልኩ። ተራውን በሚስቱ ስም ስላዞርኩት ነገ «ምሥራቅ፣ ጨነቅ» ተብሎ ይጠራል፤ በቅሎዋ ትወጣ እንደ ሆነ አላውቅም።

ሙታንን እንኳ ከሥራ ገበታቸው የማይረሳው አስተዳደርዎ ዕድሜው እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የትናየት አለምነህ፣ የባለበቅሎው ቢራራ እኅት

ማስታወሻ፦ ማስጠንቀቂያው ለቢራራ በእጁ እንዲሰጥ ግርጌው ላይ ታዟል። የወደቀበት መንገድ ዛሬም እንደ ነበረ ነው፤ የነበረን አለመንካት ለካ እርስዎ ከእኔ ቀድመው ተምረውታል። ጉም በወረደ ቀን ወጥተው ራስዎ ቢያደርሱለት፣ ባለበቅሎዎቹ ሁሉ ተራቸውን ይለቁልዎታል።