ያልወጣህበት በር

ለባለቤቴ ለመኮንን፤

ከተለየኸኝ ዛሬ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ሳልጽፍልህ መቆየቴን እንደ ቸልታ አትቁጠርብኝ። የምነግርህ ነገር እውነት መሆኑን እስካረጋግጥ እየጠበቅሁ ነበር።

አስቀድሜ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ቆርቆሮው ዘንድሮ ቀለም ተቀብቷል። አንተ የመረጥኸው ቡናማ ስለጠፋ ቀይ ሆኗል፤ አልወደድሁትም። ከፊታችን በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አይታየንም፤ ደወሉን ብቻ እንሰማለን። የተከልኸው ዘይቱን አፍርቷል። ልጃችን ሰብለ ከዩኒቨርሲቲው ሥራዋ ዕረፍት ስለምታገኝ በየእሑዱ ትመጣለች።

የቀረው ሁሉ አንተ በለካኸው ልክ አለ። የወጥ ቤቱ መደብ እስከ ክርኔ ነው፤ የመጽሐፍ መደርደሪያው እጄ ከሚደርስበት አያልፍም። የተማሪዎቼን ደብተር እንዳርምበት ብለህ ያወጣኸው መስኮት ዛሬም ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ያስገባል። ዕድሜህን ሙሉ የሰው ቤት ስትነድፍ ኖረህ፣ የራሳችንን ስትነድፍ ሦስት ክረምት ፈጀህ። ያላስማማን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመኝታ ቤታችን በቀጥታ ወደ ግቢ የሚያወጣው ባለ ሁለት ተካፋች በር። ምን ያደርግልናል ብልህ ለአየር ነው አልኸኝ። ለአየር መስኮት ይበቃል፣ እዚህ ዳገት ላይ ደግሞ የጎደለን አየር አይደለም አልሁህ። ሳቅህና ስፋቱን በእርሳስ ጨመርኸው።

ምክንያቱን የሰማሁት ቆርቆሮው በተመታ ዕለት ነው። አራት የቀን ሠራተኞች ጠርተህ አንድ ረጅም ሳንቃ በትከሻቸው አሸከምሃቸው። አልጋችን ሊቀመጥ ከታሰበበት ቦታ ተነሥተው በዚያ በር ወደ ግቢ እንዲወጡ አዘዝሃቸው። አንተ ሜትርህን ይዘህ ከትከሻቸው እስከ መቃኑ ያለውን ትለካለህ። ያን ጊዜ የእናትህ ቀብር ትዝ አለኝ። እማማ ያረፉት እንከራየው በነበረው ጠባብ ቤት ነበርና ሣጥኑ በበሩ አልወጣ አለ። ሰዎቹ አዘንብለው ሲያወጡት እማማ ውስጥ ሆነው ሲንሸራተቱ ድምፁን ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥተኸው አታውቅም። ሳንቃውን እያየህ ግን፣ «ከዚህ ቤት ሰው ተዘንብሎ አይወጣም» አልህ። ለማን ነው የምትለካው ብዬ ተቆጣሁ።

«ለቀደመው» አልኸኝ፤ ሜትርህንም ጠቅልለህ ኪስህ ከተትህ።

የቀደምኸው አንተ ሆንህ፤ ነገር ግን በዚያ በር አልወጣህም። እህትህን ልትጠይቅ አዲ አርቃይ ሄደህ እዚያው በተቀመጥህበት አረፍህ። ሣጥንህን የያዘው መኪና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ካህናቱ ቁስቋም ቆመው ይጠብቁ ነበር። ያመጡህ ሰዎች መጀመሪያ ቤቱ ይግባ ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይለፍ ብለው ጠየቁኝ። እንዳይመሽ ይለፍ አልሁ። በሩን ረስቼው አይደለም። አራት ሰው በዚያ በኩል ሲወጣ እንደገና ማየት ስለፈራሁ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም።

ከአርባህ ማግሥት ጀምሮ በሩ ይከፈት ጀመር። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ነው። ድምፅ የለውም። ስመለስ መቀርቀሪያው ተስቦ፣ ሁለቱም ተካፋቾች እስከ ግድግዳው ወለል ብለው አገኛቸዋለሁ። ነፋስ መቀርቀሪያ አይስብም። ሁለት ዓመት ያህል ዝም ብዬ እየሄድሁ ስዘጋው ኖርሁ። በኋላ እርጅናዬን ጠረጠርሁና ሁለቱን እጀታዎች በጥቁር ክር አያይዤ በሦስት ቋጠሮ አሰርኋቸው። በማግሥቱ በሩ ተከፍቷል፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም። ቋጠሮው ተፈትቶ፣ አንተ ሲባጎህን እንደምትጠቀልለው ተጠቅልሎ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አሰርሁት፤ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲሁ ሆነ።

ለሰብለ ነገርኋት። መጀመሪያ እንጨቱ አብጦ ነው አለችኝ። ክሩን ሳሳያት ቋጠሮ የነበረበትን በጣቷ ፈለገች። በሚቀጥለው እሑድ መጥታ ወይ በሩ በድንጋይ ይደፈናል፣ ወይ ቤቱን አከራይተን እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ትገቢያለሽ ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። በክርኔ ልክ ከተሠራ ቤት ወጥቼ በዚህ ዕድሜዬ የሌላ ሰው ልክ መልመድ አልችልም። ይደፈን አልሁ።

ግንበኛው አያ ፈንታ ከእንፍራንዝ መጣ። ያን ዕለት ሳንቃውን ከተሸከሙት አንዱ ነው፤ ዛሬ ጢሙ ነጭ ሆኗል። ጌታው ከሚስማር ጋር ይከራከራሉ እያለ ያሾፍብህ የነበረውን ታስታውሰዋለህ። ድንጋዩን አስራግፎ መቃኑን በመዳፉ ዳበሰና፣ «እመይቴ፣ ጌታው በዚህ ወጡ?» አለኝ።

አልወጡም አልሁት። የያዘውን ድንጋይ መልሶ መሬት አኖረው።

«እንግዲያ እንዴት እላያቸው ላይ እደፍናለሁ?»

ከዚያ ለአንተ ያልነገሩህን ነገረኝ። ያኔ ሳንቃውን ይዘው መኝታ ቤቱ መሃል ሲደርሱ ሰው እንደተኛበት ያህል ከብዷቸው ነበር። ባዶ ሳንቃ ከበደን ብንል መሳቂያ እንሆናለን ብለው ሳይናገሩ ቀሩ። ይህን ሲነግረኝ አያ ፈንታ አልቀለደም።

ሦስት ሰው ፈልግ አልሁት። ከፎቁ ሥራ ሦስት ጎልማሶች ለምኖ፣ ሳንቃም አስይዞ መጣ። ምን ይኑርበት ሲለኝ ምንም አልሁት። ከአልጋው በአንተ በኩል አነሡት። ጎልማሶቹ በአሮጊት ትእዛዝ ባዶ እንጨት መሸከማቸው አስቋቸዋል። አንዱማ እመይቴ፣ ሟቹ ከሳ ያሉ ነበሩ እንዴ ብሎ ቀለደ። መሃል ቤት ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። የዚያው የቀልደኛው የአንገት ሥር ተገተረ፤ ሳንቃውም ወደ እሱ ያጋድል ጀመር።

«እንዳታዘነብሉት» አልሁ።

አስተካከሉት። ደፉን እንዳለፉ አያ ፈንታ በነፃ እጁ ባርኔጣውን አወለቀ። ግቢው ላይ ቀስ ብለው አሳረፉት። ቀልደኛው ውሃ ለመነኝና ሳይጠጣ ሄደ።

ይኸው ዐሥራ ሁለት ቀን አለፈ፤ በሩ በራሱ አልተከፈተም። ክሩም እንዳሰርሁት ነበር። ሰብለ ካልተከፈተስ ይቆይ ብላ መደፈኑን ትታዋለች፤ ቤቴም ቀርቶልኛል። እፎይ ማለት ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ሦስት ሰዓት ሲቃረብ ሥራዬን ትቼ መኝታ ቤት እገባ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የተዘጋ በር እመለከት ነበር። ያ ሁለት ዓመት የፈራሁት ነገር አብሮኝ ይኖር እንደነበር አሁን ገባኝ። ያን ቀን ቤትህ እንዳትገባ ያደረግሁህ እኔ ነኝ፤ አሁንም ያስወጣሁህ እኔው ነኝ። ተዘንብለህ ግን አልወጣህም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ክሩን ፈትቼ በሩን ራሴ እከፍተዋለሁ። መቀርቀሪያው ለጣቶቼ ስለሚከብድ በሁለት እጄ ነው የምስበው። ሰብለ ዛሬ ጠዋት መጥታ ተከፍቶ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። እኔ ነኝ አልኋት። ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ሦስት ጊዜ እኔ ነኝ አልኋት። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠችና ሁለታችንም ወደ ውጭ ስናይ ቆየን።

ከአልጋው እስከ ደፉ ባለው መንገድ ላይ ወንበር እንዳይቀመጥ ነግሬያታለሁ። አራት ሰው ቀጥ አድርጎ እስኪያወጣኝ ድረስ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ እያሰብሁህ እከፍተዋለሁ።

ባለቤትህ አስቴር