በሙሉ ጨረቃ የተቆረጠ እንጨት

ዊንድዋርድ፣ ካሪያኩ
ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1997

ለውዴ ለቨርሊን፣

የእንግሊዝ አገር ብርድ ጉልበትሽን እንዳይዝብሽ እየሰጋሁ ነው ይህን የምጽፍልሽ። ቤቱም፣ ፍየሎቹም፣ የዝናብ ውሃ ጉድጓዱም ደህና ናቸው። ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ግን በስልክ ስትቆጪኝ የምለው ይጠፋኛል።

ባለፈው እሑድ «ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶት ሳለ ምን አጣደፈህ?» አልሽኝ። እውነትሽን ነው። እቅዱን በዱቄት ከረጢት ላይ የጻፍነው አብረን ነው። እኔ ስልሳ ሞልቶኝ ከማመላለሻ መርከቡ ሞተር ክፍል ስወጣ፣ አንቺም የሰው አገር ሽማግሌዎችን ማጠብ ትተሽ ስትመጪ፣ ያን ጊዜ ጀልባችን ውሃ ትነካለች ብለን ነበር። ከረጢቱ አሁንም የወጥ ቤቱ በር ላይ ተሰክቷል። ግን ቨርሊን፣ በፋሲካ ማግስት ትውረድ ብያለሁ፤ ሐሳቤን አልለውጥም። ያለ አንቺ ደግሞ አላወርዳትም። ስሟ የተጻፈበትን ባንዲራ ገልጠሽ ለመንደሩ የምታሳዪው አንቺ ነሽ፤ እስከዚያ ስሟን ለማንም አልናገርም። ለአንቺም ቢሆን።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ፤ ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል። የቀሩንን ጥቂት ሳንቃዎች ለማውጣት ከሁለት ሳምንት በፊት ኮረብታው ላይ ያለውን የአባቴን የሴዳር ዛፍ ቆረጥኩ። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ ስንቱን ጎረምሳ «ጨረቃ እስክትጠፋ ጠብቅ፣ አለዚያ እንጨትህን ትል ይበላዋል» እያልኩ ያሰለቸሁት ሰውዬ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ትዪኝ ይሆናል።

ከትበርት ሲሰማ አበደ። ታውቂው የለ፣ በመንደሩ ጀልባም የሬሳ ሣጥንም የሚሠራ እሱ ብቻ ስለሆነ ማንንም አይፈራም።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?» አለኝ። «በሙሉ ጨረቃ? ልጅ እንኳ እንዲህ አያደርግም!»

«መጠበቅ አቃተኝ።»

«ስምንት ዓመት የጠበቅህ ሰው ሁለት ሳምንት አቃተህ? ይህን የትል ቀለብ ቨርሊን በምትሳፈርበት ጀልባ ላይ አልቸነክርም። ከፈለግህ ሌላ አናጺ ፈልግ!»

መልስ ልሰጠው ስል ሳል ያዘኝ። ቆሜ ሳልኩ፤ ከዚያ ተቀምጬ ሳልኩ። መሐረቤን ወደ ኪሴ ስመልስ አየው። ከዚያ ወዲያ ከትበርት አልጮኸም። በማግስቱ ለራሱ ጀልባ ብሎ ለዓመታት ያደረቀውን ሳንቃ በአህያ ጭኖ አመጣና ሳያናግረኝ መቸንከር ጀመረ። ስትመጪ አመስግኚልኝ፤ እኔ ስሞክር ይሰድበኛል።

ስለ ሳሉ አትጨነቂ። ባለፈው ወር ተሻግሬ ትልቁ ደሴት ላይ ያለ ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር። ደረቴን ራጅ አነሳኝ፤ ብዙ ነገር አወራኝ። ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ጀልባዋ ግን ታምራለች! ምሰሶዋን ካሰብነው አሳጥሬዋለሁ፤ ትልቅ ሸራ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ገመዱ የሚታሰርበትንም ዝቅ አድርጌ የአንቺ እጅ የሚደርስበት ቦታ አስመትቻለሁ። በበሩ መቃን ላይ ቁመትሽን ያሰመርንበት ምልክት አለ አይደል? በእሱ ነው የለካሁት። ከትበርት ይህንንም ሳይተርብ አላለፈውም።

«ይህ የድንክ ጀልባ ነው እንዴ?»

«የቨርሊን ነው።»

«አንተስ? አጎንብሰህ ልትስብ ነው?»

«እኔማ ጡረተኛ ነኝ፤ ተቀምጬ የካካዎ ሻዬን እጠጣለሁ።»

አልሳቀም። አንቺ ግን በልጅነትሽ በአባትሽ ጀልባ ላይ ነፋሱን ከወንድሞችሽ ሁሉ ቀድመሽ ታውቂ ነበር። እጅ የለመደውን አይረሳም። ብቻሽን እንኳ ብትሆኚ እስከ ጎረቤታችን ደሴት እስከ ፔቲት ማርቲኒክ ደርሰሽ ትመለሻለሽ። እንዲያው ነው የምለው።

ናፍቀሽኛል። ለሸራዋ መግዣ ብለሽ ከሄድሽ ስድስት ዓመት ሆነ። ሸራው በመርከብ የደረሰ ዕለት ፊቴን ቀብሬበት አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ነበር የነገርኩሽ። ውሸቴን ነው። ጀልባዋን ትቼ አንቺን ማስቀረት ነበረብኝ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር።

አለቆችሽን ፈቃድ ጠይቂ። ከከለከሉሽ ሥራውን ተዪው። ከተቻለሽ ደግሞ ፋሲካን አትጠብቂ፤ ቀደም ብለሽ ነይ።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናው፤ ባሕሩም አየሩም ይታዘዝልሽ። እጅሽን እስክይዝ ድረስ ያቆየኝ።

ባልሽ ሆሊስ

ልረሳው ነበር፦ ከትበርት አልነካም ያለው እንጨት ተሰንጥቆ ከቤቱ ሥር ተደርድሯል። ለማገዶ ብሎ የሚጠይቅሽ ቢኖር እንዳትሰጪ። ለጀልባ ባይሆን፣ ትል ቢበላውም ግድ ለሌለው ሥራ ይሆናል። ትናንት ከትበርት ሜትሩን ይዞ መጥቶ ለክቶኛል።