የላይኛው ጣቢያ አይመልስም

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን፣ ረፋዱ ላይ

የእናቴ ልጅ፣

ስልክህ ላይ ስደውል ስደውል ጣቴ ደከመ፤ ኢሜይል የምጽፍልህ ለዚህ ነው። ኩርፊያ ከሆነ በኋላ እንጨርሰዋለን። ዛሬ ግን ይህን እንዳነበብክ ለእማዬ ደውልላት። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፣ ይህችን ብቻ አድርግልኝ።

እማዬ ደህና ናት፤ እንደ ልማዷ ጉልበቷ ነው የሚያስቸግራት። ጎረቤት ስላንተ ሲጠይቃት «ልጄ ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች። በጋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል የነገርካትን ነው እስከ ዛሬ የምታወራው። እኔም አላርማትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ ጠዋት ከወንዙ ላይኛ መንደር የመጣ ጋሪ ነጂ ቢሯችን በር ላይ ቆሞ፣ ውሃው ድልድዩን ሊውጠው ምንም አልቀረውም ሲል ሰማሁት። እዚህ ፀሐይ ነው። ቀና ብዬ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳችንን ሳየው አረንጓዴ ነው፤ «የወንዙ ከፍታ የተለመደ» ይላል። ቁጥሩ ግን የትናንቱ ነው፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ሳይቀር። ወንዝ እንዲህ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም።

ስትሄድ ያወረስከኝን የሰሌዳውን ኮድ ከፈትኩት። ሰርቨራችን በየጥቂት ደቂቃው የላይኛውን የወንዝ መለኪያ ጣቢያ የኢንተርኔት ገጽ ያመጣል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ እዚህና ገበያው መግቢያ ላይ ባሉት ሰሌዳዎች ይለጥፋል። ገጹ አልመጣ ሲልስ? መስመሩ ሲቆረጥ፣ የዚያኛው ሰርቨር ሲታመም፣ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍስ? ስህተቱ በሚያዝበት ቦታ የጻፍከው አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ የቀድሞውን ቁጥር መልስ። ስህተት ተፈጠረ ብሎ የሚመዘግብ እንኳ የለም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ወንዝ ዳር ኖሮ አያውቅም። ጣቢያው ዝም ያለው ዛሬ ይሁን ከትናንት ወዲያ፣ አሁን ማወቅ አልችልም።

ለምን እንዳደረግከው አልረሳሁም። የጣቢያው ጠባቂ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ምሳውን ሲበላ ጄኔሬተሩን ያጠፋ ነበር። ገጹ ሲጠፋ የኛ ሰሌዳ ይቀላል፣ ሳይረኑ ይጮሃል፣ የወንዝ ዳሩ ሰው ልጁን አዝሎ ዳገቱን ይሮጣል፤ ጠባቂው እዚያ አፉን ሞልቶ ያላምጣል። ሰፈሩ ሳይረኑን «የምሳ ደወል» ብሎ ስም አወጣለት። አለቃችንም «ይህን ቀይ ከፊቴ አጥፋልኝ» አለህ፣ አጠፋህለት። የታዘዝከውን በመሥራት የሚስተካከልህ የለም!

አሁን ጣቢያው ስልክ ላይ ደወልኩ። ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

ቀትር ላይ

ደብዳቤውን አቋርጬ ኮዱን አስተካከልኩት። ከእንግዲህ ገጹ እምቢ ሲል ጥቂት እየጠበቀ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ካልሆነለትም አሮጌ ቁጥር አያወጣም። ሰሌዳው ግራጫ ሆኖ «መረጃ የለም» ይላል። አለቃችን ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ።

«ምንድን ነው ይሄ? አላውቅም ብለን አደባባይ ላይ እንለጥፍ?»

«አናውቅማ፣ ጋሼ።»

«ሰው ምን ይለናል? ቁጥር አምጪልኝ፣ ሳይረኑን አስጮሃለሁ። ያለ ቁጥር አንዲት ነገር እንዳትነኪ!»

ቁጥር ከየት ላምጣ? ቁጥሩን የሚሰጠን ጣቢያ ነው ዝም ያለው። ወንዝ ዳር ያለችው እማዬ የገበያውን ሰሌዳ ከመስኮቷ ታያለች፤ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ሰሌዳውን አየሽው?»

«ግራጫ ሆኗል። ምን ማለት ነው?»

«አናውቅም ማለት ነው። አሁኑኑ ተነሺና ወደ እኔ ቤት ነይ።»

«አላውቅም ካለማ ደህና ነው። ክፉ ነገር ቢኖር ይናገር ነበር። ልጄ እኮ ነው የሠራው።»

«በሞቴ፣ እማዬ!»

«አንቺ ድሮም ፈሪ ነሽ። እሱ ራሱ ውጪ ካላለኝ በዚህ ጉልበቴ ያንን ዳገት አልወጣም።»

ስልኩን ዘግቼ ሳይረኑን ተጫንኩት። አለቃችን ያወረደብኝን ስድብ አልነግርህም። በመስኮት ሳይ ግን ገበያው ውስጥ የሮጠ አንድም ሰው የለም። አንዱ ነጋዴ ሰዓቱን አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ተቀምጦ ምሳውን ከፈተ።

ፈራሁ፣ የእናቴ ልጅ። በጣም ፈራሁ። መልሼ ደወልኩላትና ዋሸኋት። «ወንድሜ አሁን ደወለልኝ፤ እማዬ ቶሎ ከዚያ ቤት ትውጣ ብሏል» አልኳት።

«ድምፁ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው።»

«አልደከመውም?»

«አልደከመውም፣ እማዬ።»

አለቀሰች። ከበጋ ጀምሮ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም ነበር። «እሺ እወጣለሁ» አለችኝ፤ «ግን ለእኔም ይደውልልኝ። ድምፁን ልስማና እወጣለሁ። መንገድ ላይ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጠብቀው።»

ብለምናት ብለምናት እምቢ አለች። «ደግሞ ይሄ ከላይ የሚመጣው ከባድ መኪና ምንድን ነው? መስኮቱን እኮ አንቀጠቀጠው» አለችኝ። በዚያ መንገድ ከባድ መኪና አያልፍም። ይህን ልነግራት ስል «በይ ዝጊው፣ ሲደውል መስመሩ እንዳይያዝበት» ብላ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲህ ብደውል ብደውል አታነሳልኝም፤ ያንተን ጥሪ ነው የምትጠብቀው።

የቢሮው ሹፌር ነዳጅ ሊሞላ ሄዶ ነበር፤ እሱን ስጠብቅ ነው ይህን የጻፍኩልህ። መጣ፣ ጥሩምባውን እየነፋልኝ ነው። ልወርድላት ነው። ስልክ መያዝ የምትችል ከሆነ ደውልላትና «ውጪ» በላት፤ ሌላ ምንም አትበላት።

ያለህበትን የሚያውቅ አምላክ ካለህበት ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነው ብያለሁ፤ እሱ እውነት ያድርገው።

ታላቅ እህትህ