በአባባ ስም የመጣው ደም

ሮተርዳም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ የኔ ሳሊሃ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የጀውሃን ሙቀት ሳማርር የኖርኩ ልጅ፣ አላህ ብርዱን አብዝቶ ሰጥቶኛል።

ይህን ደብዳቤ እዚህ ያለችው ጓደኛዬ ቤዛዊት በእጅሽ ትሰጥሻለች፤ ሸዋሮቢት ያሉትን ወላጆቿን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው። በስልክ ያልነገርኩሽ አንቺ ቶሎ ወሬ ስለምትለውጪብኝ ነው። ወረቀት ግን መሃል ላይ አይቋረጥም። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ወንድሜ ሰዲቅ አጠገብሽ ካለ ማሾውን አጠጣ ብለሽ ላኪው።

ሥራዬን አባባ እንጂ አንቺ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ ስለዚህ ከሥሩ ላስረዳሽ። እናንተ ዘንድ ለጥናት ተብሎ ለሽማግሌዎች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲሰጥ፣ ከክትባቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከወር በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ ደም ይቀዳል። ያ ደም ወደ እኛ ላብራቶሪ ይመጣል። እኛም ከቫይረሱ ጋር እናገናኘውና በየትንንሹ ጉድጓድ የዶሮ ደም ጠብ እናደርግበታለን። ሰውየው መከላከያ ካለው የዶሮዋ ደም ታች ወርዶ ቀይ ነጥብ ይሠራል። ከሌለው ተዘርግቶ ይቀራል።

ይህን ለአባባ ስነግረው፣ «ዶሮዋ ቢስሚላህ ተብሎ ነው የታረደችው?» አለኝ። አትታረድም፣ ከክንፏ ሥር ትንሽ ተቀድቶላት ትለቀቃለች ስለው፣ «በይ እንግዲያ እኔና እሷ የሥራ ባልደረቦች ነን» ብሎ ሳቀና እሺ አለ። መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞረውን ሰው እሺ ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቱቦ ሲመጣ ነጥቡ እንዴት ያምር ነበር! ክረምቱን በጉንፋን ስትሰቃዩ ከርማችሁ አልነበር? ደሙ ያንን አልረሳም። ሁለተኛው ሲዘገይ ግን እጨቀጭቅሽ ጀመር። «አባባ ደሙን ሰጠ?» እልሻለሁ። «አሊዩ አምባ ገበያ ሄዷል» ትይኛለሽ። ሌላ ቀን፣ «ጉሮሮውን ይዞታል፣ ድምፁ አይወጣም።» ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ካራቆሬ ለቅሶ ሄዷል።» እኔም እሺ ብዬ እዘጋለሁ። እማዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የጠየቅሁሽ ስለ ደሙ ነው እንጂ «እስቲ ድምፁን አሰሚኝ» ብዬ ድርቅ አላልኩም። ይህ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ ሁለተኛው ቱቦ መጣ። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ማወቅ ባይገባኝም የአባባን ቁጥር አውቀዋለሁ። ነጥብ የሚባል አልነበረውም። ከመጀመሪያው ጉድጓድ አንስቶ ሁሉም ተዘርግቶ ቀረ። ክትባት አንዳንድ ሽማግሌ ላይ ላይሠራ ይችላል፣ የተለመደ ነው። ቀድሞ የነበረ መከላከያ ግን በወር ውስጥ ተጠርጎ አይጠፋም። ኃላፊዬ «ቱቦ ተቀያይሮ ይሆናል» አለች። እኔም ምነው እንዲያ በሆነ ብዬ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ደገምኩት። ያው ነው። እንደገና ሠራሁት። ሁለተኛው የአባባ ደም አይደለም።

በአባባ ስም እጁን የሚዘረጋ ከሰዲቅ ሌላ ማን አለ? ደሙን የምትቀዳው ነርስ፣ ሲስተር ፀሐይም ብትሆን አባባን ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ናት፤ ሰዲቅን አባባ መስሏት አልቀዳችውም። ለምናችኋት ነው። አባባ ታሞ ወይም እምቢ ብሎ ቢሆን «አልሰጠም» ብላችሁ ትገላገሉኝ ነበር። መንደር ሙሉ ለአንድ ውሸት የሚተባበረው መቼ እንደሆነ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ አላጣውም። ጎረቤታችን ሙሀባ ስትሞት፣ ጂዳ ያለችው ልጇ ኢልሀም ስትደውል «እናትሽ ተኝታለች» ያልኳት እኔ አይደለሁም? መርዶ በስልክ አይነገርም ብለን።

አልተቀየምኩሽም። ከሥራ ጎን ትማራለች፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ አጠገቧ ሰው ይኑር ብለሽ ነው። ለብቻሽ ይዘሽው መክረምሽ ነው የሚያሳዝነኝ። ስደውል እየሳቅሽ ታወሪኝ ነበር፤ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ ምን ትሆኚ እንደነበር አሁን ነው የሚታየኝ።

ሌላም የሚቆጨኝ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቱቦ ትንሽ ነበር። ሥራውን በደገምኩት ቁጥር ከእሱ እየቀነስኩ ነበር፤ የመጨረሻውን ስሠራ አለቀ። እጄ ሥራ ላይ ነበርና ባዶውን ቱቦ ከሌሎቹ ጋር አስወገድኩት። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው የገባኝ። ያኛው አባባ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ስል፣ እጄ ላይ የቀረውን አባባን ጨረስኩት።

እንግዲህ መርዶ የሚነግረኝ ሽማግሌ እዚህ አገር አታፈላልጉ። የት እንዳረፈ፣ ማን እንዳጠበው፣ መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ብቻ ጻፊልኝ። ረመዳን ሳይገባ በስሙ ሰደቃ ላውጣ።

ደግሞም እኮ ሰው ይሳሳታል። ተሳስቼ ከሆነ አባባ ራሱ ይደውልልኝ። «ሳልሞት ገደልሽኝ» ብሎ ይስደበኝ። ድምፁ ካልወጣለት ይሳል፤ ሳሉን አውቀዋለሁ። ቤዛዊት ይህን በሰጠችሽ ቀን ሥራ አልገባም፤ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። የደወልሽው አንቺ ከሆንሽ ግን ምንም አትበዪኝ። ስልኩን አትዝጊው ብቻ።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ሰብሩን ይስጥሽ። ሰዲቅን አትቆጪው፤ የተቀዳበትን ክንዱን ሳሚልኝ።

ልጅሽ
ናጅዋ ሁሴን