የሳባ ተውኔትና ያልጠየቅነው ጥያቄ

ማክሰኞ

የሳባ ወንድም ለምን ለእኔ ደወለ? ስልኩን ያነሳሁት ካዛንቺስ፣ ልምምድ የምናደርግበት አዳራሽ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። «ቲቸር፣ ሃፍቶም ነኝ፣ ከመቀሌ። አባታችን አሞታል። ለሳባ በስልክ አትንገሯት፣ ትደነግጣለች። ሰብሰብ ብላችሁ፣ አረጋግታችሁ ንገሯትና ላኩልን።» ድምፁ ደክሟል። «እሺ፣ አይዞህ» ብዬ ዘጋሁት።

ሌላ ምን ይባላል? እህቱ እያለች ለድሮ አስተማሪዋ ደውሎ፣ ሰው ሰብስቡ ካለ ነገሩ የታወቀ ነው። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። ሰውየው ሞቷል።

ሳባ ውስጥ ነበረች፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጽሑፏን ታርማለች። ስታዲየም አጠገብ ባለው ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን የመጀመሪያ ተውኔቷን ጽፋ ራሷ ትተውንበታለች። ቅዳሜ የአምስት ጀማሪ ጸሐፊዎች አጫጭር ተውኔቶች ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱን የምመራው እኔ ነኝ። ቀና ብላ ሳቀችልኝ። ፊቴን የማስቀምጥበት አጣሁ።

ረቡዕ

ለአዘጋጁ ለዮናስ ነገርኩት። ሳይጮህ የሚያስብ የማይመስለኝ ሰው ዛሬ በሹክሹክታ አወራ። «ቲቸር፣ ማለቴ፣ ቀብሩ እኮ አልፏል። ዛሬ ብትሄድም ለለቅሶ ነው። ቅዳሜን ትሥራና እሁድ ንጋት ላይ በወጉ ትረዳ።»

ተቃወምኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተቃወምኩም። ምክንያቱ የሳባ ተውኔት ነው፤ ቅዳሜ እንዲታይ ፈለግሁ።

ሁለት እህቶች የፈረሰ ቤታቸው ቦታ ላይ ቆመው በበር ይጣላሉ። ታላቅየዋ የተነቀለውን በር ተሸክሜ ካልሄድኩ ትላለች። «ቤት ሳይኖርሽ በር ምን ያደርግልሻል?» «የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣስ?» በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ አንድ ገጽ ልቅሶ ይጨምርበት ነበር። ሳባ ዝም አለች። በሩን ከሁለት ጫፍ ይዘውት ይወጣሉ፣ መብራት ይጠፋል። ከአዳራሹ ስወጣ አካባቢው ሁሉ ቤቱ ፈርሶ የተነሳ ሰፈር፣ አዲስ ሰፊ መንገድ። አጭር ተውኔት የምወደው ለዚህ ነው፤ ለማብራራት ጊዜ ስለሌለው ተመልካቹን ያምነዋል።

ለቅዳሜ የያዝኳቸው ሌሎች ነጥቦች፦
የአሳንሰሩ ተውኔት፦ ጅማሬው ግሩም፣ መጨረሻው ስብከት።
የታክሲ ሰልፉ፦ ያስቃል፣ ግን ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ አፍ ነው የሚናገረው። ለጸሐፊው ነገርኩት፣ አኮረፈ። ይለፍለት።

ሐሙስ

ዮናስ ለቡድኑ ሁሉ ነግሯል። ተዋናዮች ናቸው፤ ማስመሰል ግን አይችሉም! ማንም የሳባን ዓይን አያይም። አንዷ ሻይ ታመጣላታለች፣ ሌላው ቦርሳዋን ይሸከምላታል። ዮናስ ቃል ስትስት እንኳ «አሪፍ ነው፣ ቀጥይ» ይላታል። አሪፍ ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ወደ ጥግ ጎተተችኝ። «ቲቸር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከቅዳሜው ሊያወጡኝ ነው አይደል?»

«ማን አለሽ?»

«ሁሉም በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የሚያዩኝ። ተውኔቴ ደባሪ ከሆነ በቃ ደባሪ ነው ይበሉኛ።»

ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴ አስጠላኝ። ከአምስቱ የተሻለው ተውኔት የእሷ እንደሆነ ነገርኳት፣ ይኼ እንኳ እውነት ነበር።

ማታ ላይ ሃፍቶም ደወለ። «መቼ ነው የምትመጣው?» እሁድ አልኩት።  «እሁድ ይርቃል፣ ቲቸር።» በወጉ እንዲሆን ብለን ነው አልኩ። «እንደመሰላችሁ» አለ። ከጀርባው ብረት ወለል ላይ ሲጎተት ይሰማል። ለቅሶ ቤት ወንበር የሚያነሱ ናቸው ብዬ ተውኩት።

ዓርብ

ዝናብ። መብራት የለም። ከትምህርት ቤት መልስ ሳባ ወደተከራየችበት ግቢ፣ ኡራኤል ጀርባ፣ ጎራ አልኩ። ዮናስ ለአከራይዋ ለእትዬ ብርቄ ነግሯቸው ኖሮ፣ ግቢው ውስጥ የእድር አግዳሚዎች ተደርድረው ሸራ ተጥሎባቸዋል። «ዝክር አለብኝ ብያታለሁ» አሉኝ በጆሮዬ። «አንቺ ብቻ ፊትሽን አስተካክይ፣ ልጄ። ታስነቂብናለሽ።»

ሳባ ስልኳን ይዛ ወጣች። አባቷን አቦይ ነው የምትለው። «አቦይን ላገኘው አልቻልኩም። በደወልኩ ቁጥር ሃፍቶም ነው የሚያነሳው። ተኝቷል ይለኛል። አቦይ እኮ በቀን አይተኛም።»

 ሸራውን ነፋስ ሲያነሳው የአግዳሚዎቹ እግር ይታያል። እሷ ግን ወደዚያ አላየችም።

ቤት ገብቼ ለሃፍቶም ልደውል ስልኩን አነሳሁ። ምን ልለው? መቼ ሞተ? የት ቀበራችሁት? አባቱ የሞተበት ሰው እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ቁስሉን መነካካት ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ፈራሁ፤ ምን እንደፈራሁ ግን አላወቅሁም።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሞላ። የታክሲ ሰልፉ ጸሐፊ ምክሬን ሰምቶ ሁለት ሰልፈኛ ቀንሷል፣ በጣም ተሻለው። ኩርፊያ ይጠቅማል።

የሳባ መጨረሻ ላይ ነበር። እንዲህ ስትጫወት አይቻት አላውቅም። «የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣስ?» ስትል ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። መድረክ ላይ አብራት ያለችው ልጅ ቃሏን ረስታ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን፤ ተመልካቹ ግን ትወና መስሎት አደነቃት። ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔም።

ውይይቱ ላይ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ ስለ ዝምታዋ፣ ስለ ቁጥብነቷ። ቁጥብነት ስል ምላሴ ተሳሰረ። ሳባ ማይክሮፎኑን ተቀብላ «አቦይ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር። በሚቀጥለው አመጣዋለሁ» አለች። ዮናስ ወጣ።

እሁድ

ሊነጋጋ ሲል ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሳባ ክፍል ገባን፤ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መኮንን፣ እትዬ ብርቄ፣ ዮናስ፣ ተዋናዮቹ። ጋሽ መኮንን አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳባ አወቀች። «አቦይ!» ብላ ወደቀች። ግቢው በአንድ ጊዜ በልቅሶ ተናወጠ።

ስልኬ ጮኸ። ሃፍቶም ነው። ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ቲቸር፣ ተነሳች? እባክዎ ቶሎ ትሳፈር። አቦይ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠራት አደረ። ሐኪሙም ቶሎ ትምጣ ብሎናል።»

«ማነው የጠራት?» አልኩት። እንደ ጅል።

«አባቴ ነዋ።»

 አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ ውስጥ ለሕያው ሰው ደረት ይደቃል። ሃፍቶም አልዋሸንም። አሞታል አለ፣ ንገሯትና ላኩልን አለ። የጠየቀው የለም። ሁላችንም ወጉን እናውቃለንና።

እንዴት እንደነገርኳት ልጽፈው አልችልም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግሁት። በትግርኛ አንድ ነገር አለች፣ ሰማች፣ ደግማ አለች። ጋሽ መኮንን ነጠላቸውን ቀና አድርገው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ዮናስ በመኪናው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰን።  መግቢያው ላይ ዞረችብኝ።

«ማክሰኞ ነው የደወለላችሁ?»

«አዎ።»

«ትናንት ቆማችሁ አጨበጨባችሁልኝ» አለችና ገባች። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት በሩ ተዘግቷል።

ከሰዓት በኋላ ሃፍቶም «ደርሳለች» ብሎ ጻፈልኝ። ሌላ ቃል የለም። ከዚህ በፊት ቢሆን በዚያው በረካሁ። አሁን ግን ሳላለሳልስ ጻፍኩለት፦ «አባትህ በሕይወት አለ?»

 ከዚያ መለሰልኝ።

«አለ። ግን እስካሁን አላወቃትም። እያወራችው ነው።»