አረንጓዴ ጎፈር

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ አዲስ ሞተር የገጠሙልኝ ያህል ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ያንገጫግጨኛል።

ያቺ ግቢ የቆመችው አሮጌ መኪናችን ለጥበብ ፌስቲቫሉ ሰልፍ አንበሳ ሆናለች። ጎረቤታችን በያጁ ጎፈሩን ከቆርቆሮ ቆርጦ ገጠመላት። ቀለሙ ግን የእኔ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሱቅ ታፔላ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ለማን እሰጠዋለሁ? ጎፈሩን በአረንጓዴ ቀባሁት። እናትሽ አይታ፣ "ቡናማ ነው ያልከኝ! አንበሳህ ሳር ነው እንዴ የሚበላው?" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ወሰደች። "አውቄ ነው" አልኳት። ቡናማ ጎፈርማ የትኛው አንበሳ የለውም? አዘጋጆቹ እንኳ "እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት መጣልዎት?" ብለው ጠየቁኝ።

እናትሽ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈት ሆናለች መሰለኝ፣ ጣሳ በከፈትኩ ቁጥር መጥታ የቀለሙን ስም ጮክ ብላ ትናገራለች። የአንበሳውን ዓይኖች ራሷ ሳለቻቸው፤ እስቲ ይውጣላት ብዬ ለቀቅኩላት።

በሰልፉ ቀን የሚነዳት በያጁ ነው። እኔ ጣሪያው ላይ ተቀምጬ እጄን አውለበልባለሁ፤ ንጉሥ መሪ ሲጨብጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ይህንንም የምትጽፍልኝ እናትሽ ናት፤ እጄ ቀለም በቀለም ሆኖ ነው። የልጅሽ ፎቶ ደርሶናል። አፍንጫው ቁርጥ የእኔ ነው አለችኝ። ለሚቀጥለው ግን ፎቶውን ተይውና ሳቁን ቀድተሽ ላኪልኝ።

ሰላምታዬ ከነጎፈሩ ይድረስሽ።

አባትሽ